ደረጃው ሥር የነበረው ቲነር

አሴዬ፣ የኔ ሆድ፣

ከተለየኸኝ ይኸው ሁለተኛው ክረምት ገባ። እኛ ደህና ነን። ልጃችን ማርታ ትምህርት ቤት ገብታለች፤ ስትስቅ ቁርጥ አንተን ነው የምትመስለው። ሰፈራችንን ገርጂን ብታያት አታውቃትም፤ ባዶ የነበረው ሜዳ ሁሉ ፎቅ ሆኗል።

ያን ጊዜ የምትሠራበት የቤት ዕቃ ወርክሾፕ ፋታ አልነበረውም። ኮንዶሚኒየም የደረሰው ሁሉ አልጋና ቁም ሳጥን ያዛል፤ አንተ ቫርኒሽ በቲነር እያቀጠንክ ስትቀባ ትውላለህ። ቤት ስትገባ ልብስህ ቲነር ቲነር ይሸታል። «ደረጃው ሥር ያስቀመጡት የቲነር በርሜል አንድ ቀን ተቀጣጥሎ ይጨርሰናል፤ ለጋሽ ሙሉጌታ ነግሬያቸዋለሁ» ትለኝ ነበር። አሠሪህ ጋሽ ሙሉጌታም «ይህችን ትዕዛዝ እናስረክብና ቦታ እንፈልግለታለን» ይሉሃል። ትዕዛዙ ግን መች ያልቃል!

የዚያን ዕለት ደረጃው አጠገብ የአልጋ ብረት ሲበየድ ብልጭታው ክዳኑ የተከፈተ የቲነር በርሜል አገኘና ወርክሾፑ በእሳት ተያያዘ። አንተ ወጥተህ ነበር፤ ግቢው ውስጥ ነበርክ። ሶፋ የምታለብሰው ዘይነባ ግን ፎቅ ላይ ቀርታ በመስኮት ጮኸች። እርጥብ ጆንያ ተከናንበህ በሚነደው ደረጃ ወጣህ። እሷን በመስኮት ለሰዎች አቀበልካት። አንተን ጭሱ ቀደመህ።

ለቅሶው ላይ «ምን ነካው፣ ልጅ እያለው!» ሲሉ ሰማሁ። እኔስ ብሆን ስንቴ ተቆጣሁህ መሰለህ! ዘይነባ ግን ድንኳኑ እስኪፈርስ ከጎኔ አልተነሳችም። ዛሬም ከሾላ ገበያ ስትመለስ ሳታየን አታልፍም።

ዘንድሮ ወርክሾፑ ተጠግኖ ሊከፈት ሲል እያለቀሰች መጣች። «እቴቴ፣ በርሜሎቹን እዚያው ደረጃ ሥር መለሷቸው» አለችኝ። ነጠላዬን ጣል አድርጌ ሄድኩ። ጋሽ ሙሉጌታ ሲያዩኝ ደነገጡ።

«ለጊዜው ነው ልጄ፣ ቦታ እስኪገኝ» አሉ።

«አሰፋንም እንዲሁ ነበር ያሉት» አልኳቸው።

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ዘይነባም መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ሌሎቹ ሠራተኞችም መሣሪያቸውን አስቀምጠው ከበቡን። ጋሽ ሙሉጌታ ኮታቸውን አውልቀው የመጀመሪያውን በርሜል ራሳቸው ወደ ውጭ መግፋት ጀመሩ።

አሁን ለቲነሩ ግቢው ዳር፣ ከብየዳው ርቆ፣ አየር የሚያገኝ የብሎኬት ክፍል ተሠርቷል፤ በሩ ብረት ነው። ወደ ውስጥ የሚገባው ለዕለቱ ሥራ የሚበቃው ብቻ ነው፣ እሱም ክዳን ባለው ቆርቆሮ። ቲነር የነካ ጨርቅም የትም አይጣልም። ሳየው ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ ቆሜ አለቀስኩ። ለካ ሳምንት እንኳ የማይፈጅ ሥራ ነበር፣ አሴ!

ማርታ «አባዬ ወጥቶ ከነበረ ለምን ተመለሰ?» ትለኛለች። ሰው ስለጠራው እላታለሁ። ስታድግ ስትጠይቀኝም መልሴ ይኸው ነው። እኔም በሕይወት እስካለሁ ስምህን እየጠራሁ እኖራለሁ።

ያንተው አስቴር