ቅርስ አታስብይብኝ

ሰኞ

ሊያፈርሱት ነው! ጠዋት ቦታውን የሚፈልገው ባለሀብት ሰዎች መጥተው ሱቄ ያለበትን አሮጌ ፎቅ ከጥግ እስከ ጥግ ለክተው ሄዱ። በቦታው መስታወት በመስታወት የሆነ ሕንፃ ይቆማል አሉ። አባቴ ከወሎ መቐለ ሲገባ የስፌት መኪናውን የተከለው እዚሁ በረንዳ ላይ ነው፤ እኔም መርፌ መያዝ የተማርኩት እዚሁ። ምሳ አልበላ አለኝ። ከሰዓት በብስጭት ቅርስ ጥበቃ ቢሮ ሄድኩ። ኮሚቴ ሐሙስ ይመጣል፣ ነባር ተከራይ ስለሆንሽ ስለ ቤቱ ትናገሪያለሽ አሉኝ።

ማክሰኞ

የምናገረውን ሳጠና ዋልኩ። ቅስቶቹ፣ በእጅ የተጠረበው ድንጋይ፣ ከሁሉም በላይ የእንጨት ደረጃው፤ ቀጥ ያለ፣ ጠባብ፣ መሐሉ በሰው እግር የጎደጎደ። እንዲህ ያለ ደረጃ ዛሬ ማን ይሠራል? ጎረቤቴ ወርቅ ሠሪው ገብረሚካኤልም እመሰክራለሁ አለ። አልሐምዱሊላህ፣ ሁለት ሆንን። በደስታ የደንበኛ ኮት እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁ። ግድ የለም፣ ይፈታል።

ረቡዕ

የቤቱ ባለቤት አደይ ምሕረት ሱቄ ገቡ።

«ጓለይ፣ በጃኺ ልጄ፣ ቤቴን ቅርስ አታስብይብኝ።»

ክው አልኩ። ልጃቸው ሃፍቶም በጦርነቱ ሁለት እግሩን ካጣ ወዲህ ላይኛው ፎቅ ላይ ነው። ዓይደር ሆስፒታል ቀጠሮ ሲኖረው ሰው አዝሎ ያወርደዋል፤ ሌላ ጊዜ አይወርድም። ባለሀብቱ በዊልቸር የሚገባበት፣ ደረጃ የሌለው ቤት ሊሰጣቸው ተስማምቷል። ቅርስ ከሆነ ግን ደረጃው አይነካም፣ የተባለውም ቤት ይቀራል።

ታች እንዲኖር ሱቄን ልልቀቅለት አልኳቸው። ከልቤ ነው።

«መጸዳጃው ፎቅ ላይ ነው፤ ታች ውሃ የለም። መንገደኛ እያየው ልጠበው?»

እስከ ደረጃው ሸኘኋቸው።

ሐሙስ

ኮሚቴው መጣ። ገብረሚካኤል አሳምሮ ተናገረ። ተራዬ ሲደርስ ሁሉም ወደኔ ዞሩ።

«እኔ ተከራይ ነኝ፤ ስለ ቤቱ የማውቀው ነገር የለም» አልኩ።

ምላሴ እንዴት እሺ እንዳለኝ እንጃ። ባለቤቷ አይፈልጉ፣ ነባሯ ተከራይ አታውቅ፤ ይፍረስ ተባለ። ገብረሚካኤል ሱቁን ዘግቶ ሳያናግረኝ ሄደ። ልቤ ተሰብሯል። አባቴ ቢኖር ምን ይለኝ ነበር?

ቅዳሜ

ትናንት ምንም አልጻፍኩም። የሚከራይ ሱቅ ፍለጋ ስዞር ዋልኩ፤ አላገኘሁም።

ዛሬ ሃፍቶም ሁለት ሱሪ በእናቱ ላከልኝ። «ከጉልበት በላይ ቁረጪልኝ፣ ደጅ ስወጣ ልለብሳቸው ነው» ብሏል። ከጦርነቱ በፊት እኔው የሰፋሁለት ናቸው፤ ለቁመቱ ጨርቅ አይበቃም እያልኩ እቀልድበት ነበር። መቀሱን ይዤ አለቀስኩ፤ ለቤቱም፣ ለሱም፣ ለራሴም።

አንዱን ቆረጥኩ። ሁለተኛውን ነገ፣ ኢንሻአላህ።