ባለቤት የላትም ስለተባለችው ጀልባዬ

ለክቡር የጀልባዎች ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ነው? ወንበርዎ ተመችቶዎት፣ ወገብዎን ሳያምዎት፣ ስብሰባዎም በሰላም ተጀምሮ በሰላም የሚያልቅልዎ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። ባለፉት ሰባት ወራት አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ደጅ ስጠናዎ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ፣ ይህን ምኞቴን ፊት ለፊት ለማድረስ አልታደልኩም።

እኔ ከዚህኛው የሐይቅ ዳር ወደ ማዶ ሰው እያሻገርኩ ቤተሰቤን የማስተዳድር ሴት ነኝ። ጀልባዬን መንደርተኛው «አሮጊቷ» ይላታል። ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት አናጢው አባቴ በጓሯችን ጣውላ በጣውላ እየገጠሙ ሠርተዋታል። ያን ጊዜ ምዝገባ የሚባል ነገር አልነበረም። ጉልበታቸው ሲደክም መቅዘፊያውን ለእኔ አስረከቡኝ፤ አባትና ልጅ ስለሆንን ወረቀት አልተጻጻፍንም። አሁን ጀልባ ሁሉ ሊብሬ ይኑረው ሲባል፣ ማንም ሳይጠራኝ በገዛ እግሬ መጣሁ። ስለተደረገልኝ መስተንግዶ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ የግዢ ውል ጠየቀችኝ። አልተገዛችም ብላት የስጦታ ውል አምጪ አለችኝ። ስጦታው እንዲጸድቅ ደግሞ አባቴ ጀልባዋ የእሳቸው እንደነበረች ማስረዳት አለባቸው ተባለ። በምን ያስረዱ ብዬ ብጠይቅ፣ በግዢ ውል ተባልኩ። ሰው ከአንድ መስኮት ተነሥቶ መንገድ ሳይጠፋበት ወደዚያው መስኮት እንዲመለስ ስላመቻቹልን እግዜር ይስጥልኝ።

ሁለተኛ፦ ሊብሬ እስክታገኝ ድረስ ጀልባዬ ከውሃ ተጎትታ ወጥታ በሰንሰለት ታሰረች። ክቡርነትዎ፣ የእንጨት ጀልባ ውሃ ሲርቃት ትደርቃለች፤ ጣውላዋ ይኮማተራል፤ መጋጠሚያዋ ይከፈታል። እርጥብ ጆንያ ላልብሳት ብል የታገደ ንብረት መንካት ክልክል ነው ተባልኩ። በአራተኛው ወር ተቆጣጣሪዎ መጡ፤ በስንጥቋ ጣታቸውን አሾለኩና «ለአገልግሎት ብቁ አይደለችም» ብለው ጻፉ። ልክ ናቸው። ስትታሰር ግን ብቁ ነበረች። እስከዚያው የመንደራችን አዋላጅ ማዶ ለመድረስ ሐይቁን ዞራ አምስት ሰዓት በእግሯ ትሄዳለች፤ ምጥ ግን ቀጠሮ እንደማይሰጥ ለጽሕፈት ቤትዎ ማስረዳት አልቻልኩም።

ሦስተኛው ላይ ምስጋናው ቢያንቀኝ ይቅር ይበሉኝ። በመጨረሻ፣ የሠራት ሰው ቀርቦ ቃሉን ከሰጠ ይበቃል ተባለ። ደስ አለኝ። አባቴ ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ማስታወሳቸው ያኔ ገና ይሄድ ይመለስ ነበር። ሸሚዛቸውን ተኩሼ አመጣኋቸው፤ ኔትወርክ የለም ተባለ። እንደገና አመጣኋቸው፤ ቃል ተቀባዩ ሥልጠና ሄደዋል ተባለ። በሦስተኛው ማኅተሙ የተቆለፈበት መሳቢያ ቁልፍ ጠፋ። በየመሀሉ ሳምንታት አለፉ፤ አባቴም ጥቂት በጥቂት እየራቁኝ ሄዱ። በአራተኛው ምልልስ ሁሉም ተሟልቶ ጠበቀን፤ ያልተሟሉት አባቴ ብቻ ነበሩ።

ቃል ተቀባዩ በትሕትና የጀልባዋን ፎቶግራፍ አሳይተው «አባባ፣ ይህችን የሠሯት እርስዎ ነዎት?» ሲሉ ጠየቋቸው።

አባቴ ፎቶውን ወደ ብርሃኑ አዙረው ብዙ አዩት። «የሠራት ጎበዝ አናጢ ነው» አሉ። «እሱን ፈልጋችሁ ጠይቁት።»

ቃል ተቀባዩም «ሠሪው አለመሆናቸውን በአንደበታቸው አረጋግጠዋል» ብለው ጻፉ። አባቴ ፈረሙበት። ፊርማቸውን አልረሱም ነበር።

በሳምንቱ ውሳኔው ደረሰኝ። ሠሪዋም ባለቤቷም ስለማይታወቅ፣ ጀልባዋ የፊታችን ዓርብ ትፍረስ ይላል። ትናንት እንዲሰናበቷት ብዬ አባቴን ወደ ሐይቁ ዳር ይዣቸው ወረድኩ። ስንጥቋን በመዳፋቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና ጥጥና ሬንጅ አምጪ አሉኝ። ከዚያ ተንበርክከው መጋጠሚያዋን ሲደፍኑ ዋሉ። ዘበኛችሁ ፊቱን ወደ ውሃው አዙሮ ቆመ፤ እባክዎ እንዳይቀጡት። አባቴ ሲጨርሱ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ «ነገ ባለቤቷ ሲመጣ ውሃ ላይ ያውርዳት» አሉኝ። ምን ልበላቸው? እሺ አልኩ።

ክቡርነትዎ፣ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዓርብን ያዘግዩልኝ። አባቴ ዛሬም ማለዳ ማለዳ ለጥቂት ደቂቃ በስሜ ይጠሩኛል። በዚያች ደቂቃ ቃል ተቀባይዎ ቤታችን ቢገኙ ሁሉም ያልቃል። ቢሮዎ የሚከፈተው ከዚያ በኋላ መሆኑንም አላጣሁትም።

የጽሕፈት ቤትዎን ደረጃ ከቤቷ ደጃፍ አብልጣ የምታውቀው፣ ተራዋን ሳትገፋ የቆመች፣ ለመመሪያዎ ሁሉ ታዛዥ፣
የአናጢው ልጅ

ማስታወሻ፦ ጀልባዋ ባለቤት የላትም የሚለው ውሳኔ በመጣበት ፖስታ ላይ፣ ከክቡ ማኅተምዎ ሥር «ለጀልባዋ ባለቤት» ተብሎ የእኔ ስም ተጽፏል። በሰባት ወር ውስጥ ከጽሕፈት ቤትዎ ያገኘሁት የባለቤትነት ማረጋገጫ ይኸው ብቻ ስለሆነ፣ ፖስታውን እርጥበት እንዳይነካው አድርጌ አስቀምጬዋለሁ።