ለጠየቀ ብቻ የሚቀየር ቱቦ

ኅዳር 3፣ ረቡዕ፣ ከት/ቤት መልስ

የ9ኛ ክፍል ፈተና እያረምኩ ነው። ግማሹ ይቀራል። ጌትነት ጀርባውን ሰጥቶኝ በመስኮት ያያል። ዛሬም ፖሊስ ጣቢያ ቀርቦ ነው የመጣው። በዋስ ከተለቀቀ ወዲህ ባሌ እንዲህ ነው። ስጠራው ይደነግጣል።

ማስታወሻዬ፣ ላንቺም በወጉ አልነገርኩሽም። እጄ እምቢ ብሎኝ ነው። ባለፈው ሳምንት ሚኒባሳችንን ጭኖ ከዚህ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲሄድ፣ ከማንኩሳ ወዲህ ባለው ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ አለው። ፔዳሉ ወለል ድረስ ወረደ። ፊት ለፊት ከገበያ የሚመለስ ሰው መንገዱን ሞልቶታል። መሪውን ወደ ጤፍ ማሳ ጠመዘዘው። መኪናው በጎኑ ተኛ።

የሞተ የለም። ተመስገን። ግን ጋቢና የነበሩት አያ ይስማው፣ የማንኩሳ ገበሬ፣ ሁለት እግራቸው ተሰበረ። አጨዳ በደረሰበት ወር!

ትራፊክ ፖሊሱ የጻፈው፦ ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ ማሽከርከር። ጌትነት የፍሬኑን ነገር ቢናገር ማን ሰምቶት። ሾፌር ሁሉ ፍሬን እምቢ አለኝ ነው የሚለው አሉት።

ኅዳር 5፣ ዓርብ፣ ረፋድ

ኔትወርክ አለ ዛሬ። በዕረፍት ሰዓት መምህራን ክፍል ተቀምጬ የመኪናውን ሞዴል ጻፍኩና ፍሬን የሚል ጨመርኩበት። እንዲያው ልቤ አላርፍ ቢለኝ።

አገኘሁት። አምራቹ ራሱ፣ በራሱ ድረ ገጽ፣ ይህንኑ ሞዴል በሌሎች አገሮች ለጥገና ጠርቶታል። የፍሬን ዘይት የሚያስተላልፈው ቱቦ ከብረት ማቀፊያው ጋር እየተፋተገ ይበሳል። ዘይቱ ይፈስሳል። ፍሬን የለም። ባለቤቶች መንዳት አቁመው በአስቸኳይ እንዲያመጡ ይላል። ማስታወቂያው ከኛ አደጋ በፊት የወጣ ነው። ብዙ በፊት።

ያውቁ ነበር! አውቀው ነው ዝም ያሉት!

የሚቀጥለውን ክፍል ገብቼ ምን እንዳስተማርኩ አላውቅም።

ያው ቀን፣ ማታ 12 ሰዓት

አ.አ. ያለው የአምራቹ ወኪል ዘንድ ደወልኩ። የምታነሳው ልጅ ድምፅዋ ማር ነው። ነገሩን አስረዳኋት። አጣርታ ተመለሰች። ጥሪው የእናንተን ገበያ አይመለከትም አለችኝ። ገበያ! እኛ ገበያ ነን፣ ሰው አይደለንም። ታዲያ የጎጃም ቁልቁለት ያለ ፍሬን ይወረዳል ወይ አልኳት። ለኃላፊ አስተላልፋለሁ፣ ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን አለች።

የምን ትዕግሥት። ማን ታገሠ።

ለጌትነት ነገርኩት። ወጥቶ ጓሮ ቆመ። ሲያለቅስ በበሩ አየሁት። አልተከተልኩትም። ይወጣለት ብዬ።

ኅዳር 10፣ ረቡዕ

ደጋግሜ ስደውል ሰለቻቸው መሰለኝ፣ ዛሬ ሰው ላኩ። ኢንጂነር ነው። ጨዋ፣ ንጹሕ ሸሚዝ፣ ከአንድ መካኒክ ጋር። መኪናችን ተጎትቶ የገባበት ጋራዥ ሄድን። መካኒኩ ከሥር ገብቶ ቱቦውን ፈታና አወጣው። ማቀፊያው በሚነካው ቦታ በልቶት በልቶት ተበስቷል። በዓይኔ አየሁት። ጌትነትም ተቀብሎ አየው።

ኢንጂነሩ ጉድለት የሚለውን ቃል አይጠራም። አንድም ጊዜ። «የአገልግሎት ማሻሻያ» ነው የሚለው። አዲስ ቱቦ በነፃ ይገጠማል፣ ድርጅቱ ለደንበኛው ካለው አክብሮት የተነሳ። ሌሎቹስ መኪኖች አልኩ፤ መናኸሪያው በዚህ ሞዴል ተሞልቷል። ጠይቆ ለመጣ ሁሉ ይቀየርለታል አለ።

ጌትነት አፉን ከፈተ።

«ሳይነገረው ምን ብሎ ይጠይቃል?»

ኢንጂነሩ ፈገግ አለ። ሕዝብ ማሸበር ጥሩ አይደለም አለን። ነገሩን መናኸሪያ ውስጥ ባታወሩት ይመረጣል። ከዚያ አሮጌውን ቱቦ እንዲሰጠው እጁን ዘረጋ፤ የድርጅቱ ንብረት ነውና።

«መኪናውን ስገዛ ቱቦውንም ገዝቼዋለሁ» አለው ጌትነት። ጃኬቱ ኪስ ከተተው። ባሌን እንዲህ አድርጌ ወድጄው አላውቅም።

ኅዳር 12፣ ዓርብ፣ ሚካኤል

አያ ይስማውን ልንጠይቅ ማንኩሳ ሄድን። ጌትነት እስከ ዛሬ ፊታቸውን ማየት ፈርቶ ነበር። ደጃፉ ላይ ቆሞ ቀረ፤ እጁን ይዤ አስገባሁት።

መደብ ላይ ተጋድመዋል። ሁለቱም እግራቸው በጀሶ። ጤፋቸውን ጎረቤት በደቦ አጭዶላቸዋል። ጌትነት ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ ሲል እሳቸው ቀድመው ራሱን ያዙት። ተው ልጄ፣ አጠገብህ ነበርኩ አሉት፤ ያን ብረት በእግርህ እየደጋገምክ ስትደበድበው አይቻለሁ። ለፖሊሱም ነግሬዋለሁ፣ ቃሌን ግን አልጻፈውም።

ቱቦውን አሳየናቸው። ቀዳዳውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ፋብሪካው እንደሚያውቅ ነገርኳቸው። ቱቦውን መለሱልኝ። ከዚያ፦

«መምህርት፣ የኔ ልጅ ቡሬ ካምፓስ ነው የምትማር። ሰኞ በየትኛው መኪና ነው የምትሄድ?»

 ስንመለስ የተሳፈርነው ሚኒባስ ያው ሞዴል ነው። ቁልቁለቱ ላይ የጌትነትን እጅ ጨብጬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ፣ የገበያ ቀን

ጌትነት ዛሬ ጧት ቱቦውን ይዞ መናኸሪያ ሄደ። አብሬው ሄድኩ። ሾፌሮቹ መጀመሪያ አላመኑትም። አንደኛው፣ ከክስ ለማምለጥ ነው ብሎ በግልጽ ተናገረው። ጌትነት አልተቆጣም። መኪናህ ሥር ገብተህ እይ አለው። ገባ። ሲወጣ ፊቱ ሌላ ነው። የሱም ተበልቷል፤ ገና አልተበሳም እንጂ።

ከዚያ ሁሉም ከየመኪናው ሥር። አንዱ ይጮኻል፣ ሌላው ይሳደባል። አብዛኛው ተፋትጓል። አንጭንም አሉ። ተሳፋሪው ደግሞ በርበሬውንና ዶሮውን እንደያዘ ቁጣው በኛ ላይ። አንዲት እናት ልጄን ሐኪም ቤት ላደርስ ነው፣ ምን ሆናችሁ ብለው እጄን ያዙኝ። ሌላ ሞዴል መኪና ተፈልጎ ሄዱ። እኔ ግን እዚያው አለቀስኩ። እሳቸው ፊት መቆም የነበረበት ያ ባለ ንጹሕ ሸሚዝ ነበር!

ኅዳር 18፣ ሐሙስ

የመኪና መቆሙ ወሬ አ.አ. ደረሰ። ወኪሉ መካኒኮች ልኮ ከትናንት ጀምሮ መናኸሪያው ውስጥ ቱቦ ይቀየራል። ሾፌሮቹ ደስ ብሏቸዋል። እኔም ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ሰው ይተርፋል። ግን ማስታወቂያ የለም፣ ይቅርታ የለም። ነፃ የአገልግሎት ሳምንት የሚል ጨርቅ ሰቅለዋል። የወጣውን አሮጌ ቱቦ ሁሉ በማዳበሪያ ከረጢት ሰብስበው ጫኑት። ቡሬስ? ባሕር ዳርስ? ሌላውስ አገር? ለጠየቀ ብቻ።

ኢንጂነሩ ቤታችን መጣ። ተቀመጠ። መኪናችንን ድርጅቱ አካሉን ጭምር አድሶ እንደ አዲስ ሊያስረክበን ዝግጁ ነው። በምላሹ ቱቦዋን ብቻ። አደጋው ከፍጥነት ጋር የተያያዘ መሆኑን ፖሊስም አረጋግጧል፤ ለናንተ ምን ትጠቅማለች አለን። አስቡበት ብሎ ወጣ።

እውነቱን ልንገርሽ? አሰብኩበት። ያለን እሱ መኪና ነው። የጌትነት እጅ ሥራ ፈትቶ ሲንቀዋለል ማየት ሰልችቶኛል። እንስጠው ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

ኅዳር 19፣ ዓርብ፣ 11 ሰዓት

ሳልለው እሱ ቀደመኝ። ብሰጠው፣ በፍጥነት ነድቼ አያ ይስማውን የሰበርኩ እኔ ሆኜ እቀራለሁ አለኝ። መኪናው ይቅርብኝ። 

ማንኩሳ ደወልኩ። አያ ይስማው በቃሬዛም ቢሆን አምጡኝ፣ ያየሁትን እናገራለሁ አሉ። ሰኞ እንወስዳቸዋለን። ለሾፌሮቹም ነገርናቸው። ሦስቱ ከረጢት ውስጥ ያልገባ ቱቦ አስቀርተዋል፤ አብረውን ይመጣሉ።

አሁን ኢንጂነሩ ደወለ። ጌትነት ስልኩን ለኔ አቀበለኝ። ወሰናችሁ ወይ አለ። አዎ፣ ሰኞ ጧት እናስረክባለን አልኩት። ደስ አለው፤ ሰው ልላክ ወይስ ራሴ ልምጣ አለኝ።

መምጣት አያስፈልግዎትም አልኩት። የምናስረክበው ለዐቃቤ ሕግ ነው።