አጭር ነው ስለተባለው እንሰታችን

ለተከበሩ አቶ ሠረቀብርሃን ኪዳነወልድ
የሰፈራችን የከፍታና የእይታ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ እንዲሁም ኮሚቴው ከሁሉ ይረዝማል ብሎ ያጸደቀው ሕንፃ ባለቤት
ባሉበት ፎቅ

ጉዳዩ፦ ግቢያችን አጭር በመሆኑ ይቅርታ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ሙሉ ጤና፣ በተለይም የጉልበት ጤና እመኝልዎታለሁ። ሊፍቱ ሥራ ሳይጀምር ዕረፍት ስለወጣ፣ ሰባቱን ፎቅ በእግርዎ ሲወጡ ከግቢያችን ሆነን እናያለን። በየፎቁ መስኮት ላይ ቆም ብለው ሲተነፍሱ እናቴ ሥራዋን ትታ «ጌታ ያበርታቸው» ትላለች።

እኔ ሳሮን ታሪኩ እባላለሁ። ከሕንፃዎ ጀርባ ባለችው ቆርቆሮ ቤት ከእናቴ ጋር የምኖር የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። በአካል ቀርቤ ባስረዳዎት ይሻል ነበር፤ ነገር ግን ሰው ፊት ስቆም ድምፄ ይጠፋል። መምህር ስሜን ሲጠሩ እንኳን አቤት የምለው በሆዴ ነው። ስለዚህ መጻፍን መረጥኩ። ደብዳቤውን የለጠፍኩትም ሊፍቱ ውስጥ ነው፤ ምድር ላይ በሩን ከፍቶ ስለቆመና ዘበኛው ጋሽ ወልዱ ምሳቸውን የሚያስቀምጡበት ስለሆነ፣ ከየትኛውም የማስታወቂያ ሰሌዳ ይልቅ ሰው የሚያየው እሱን ነው።

ወደ ቅሬታዬ ከመግባቴ በፊት ለከተማችን ስላደረጉት ነገር ላመስግንዎት። ድሮ ወደ ሞያሌ የሚያልፉ ሾፌሮች ዲላ ላይ ለምሳ ሲቆሙ የሚያዩት ሳህናቸውን ነበር፤ ዛሬ ወደ ላይ ያያሉ። የባጃጅ ልጆችም አንገታቸውን አውጥተው ፎቅ ሲቆጥሩ እርስ በርስ ይላተማሉ። ከመንገዱ ማዶ ያለው ሕንፃ ባለቤት አቶ ገመቹ ጣሪያቸው ላይ የውሃ ሮቶ አውጥተው በአንድ ሮቶ በበለጡዎት ጊዜ፣ እርስዎ በሮቶዎ ላይ ሌላ ሮቶ በመጫን የሰፈሩን ክብር አስመልሰዋል። እሳቸው ዲሽ ሲተክሉ እርስዎ በላይኛው ሮቶ ላይ ዲሽ፣ በዲሹ ላይ ደግሞ የባንዲራ እንጨት አቁመዋል። ውሃው ሦስተኛ ፎቅ ደርሶ ስለሚመለስ ሁለቱም ሮቶዎች ባዶ ናቸው፤ ነፋስ ሲመጣ እንደ ከበሮ ይመታሉ፤ እኛም በነፃ እንሰማለን። በመጨረሻ ኮሚቴው ተሰብስቦ የእርስዎ ይረዝማል ብሎ በሙሉ ድምፅ ወሰነ። አባላቱ እርስዎ፣ ወንድምዎና ከሕንፃዎ ሥር የተከራየው ፎቶ ቤት ባለቤት ስለሆናችሁ ስብሰባው ብዙ አልቆየም። አንድ ሰው ሶዶ ላይ የሚበልጥ ሕንፃ አለ ቢልዎት፣ የሶዶ ሕንፃዎች ተራራ ላይ ቆመው ስለሚያጭበረብሩ ከክልሉ ውድድር ውጭ ናቸው ብለው መመለስዎንም ሰምቻለሁ። እኔ የሒሳብ ትምህርቴ ደካማ ስለሆነ አልከራከርም።

አሁን ግን በትሕትና ቅሬታዬን ላቅርብ።

አንደኛ፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ጋሽ ወልዱ በራችን ላይ ጠበቁን። ኮፍያቸውን አውልቀው «የሳሮን እናት፣ እኔ መልእክተኛ ነኝ፤ ግቢሽ አጭር ነው ተብሏል» አሏት። እናቴ «ከማን ነው የሚያጥረው?» ብላ ጠየቀች። ጋሽ ወልዱ ትንሽ አስበው «ከሁሉም» አሉ። ከዚያም በከንፈራቸው ወደ እንሰቱ እያመለከቱ ትእዛዝዎን ነገሩን። ሰባተኛ ፎቅ ካፌ ላይ ፎቶ ከሚነሱ እንግዶች ጀርባ የሚወጣው የእኛ እንሰት ስለሆነ፣ ይህም የከተማዋን ከፍታ ወደ ታች ስለሚጎትት፣ ቅዳሜ ከሐዋሳ የሚጋበዙት እንግዶችዎ ከመምጣታቸው በፊት ተቆርጦ ቦታው ሲሚንቶ ይፍሰስበት ብለዋል። እናቴ «እንሰት እኮ የሚቆረጠው ሲደርስ ነው፤ በትእዛዝ አይደርስም» አለች። ጋሽ ወልዱም «እኔም ይህንኑ ልነግራቸው ወጥቼ ነበር፤ ሰባተኛ ፎቅ ስደርስ ግን ትንፋሽ አጥሮኝ ግማሹ ቀረ» አሉ።

የቀረውን ግማሽ እኔ ልጨርስላቸው። ከእንሰቱ አብዛኛው ገና ለጋ ነው፤ አሁን ቢቆረጥ ቆጮ ሳይሆን ውሃ ነው የሚወጣው። የዘንድሮም የከርሞም ምግባችን እሱ ነው። እይታ ተጋግሮ ሲበላ እስካሁን አላየሁም፤ ካፌዎ የሚጋግር ከሆነ ግን ዋጋውን ቢያሳውቁን።

ሁለተኛ፣ እንሰታችን አልጣረም እንዳይባል ነው። የሕንፃዎ መሠረት ሲቆፈር እንሰቱ ይበልጠው ነበር። አንደኛ ፎቅ ላይ እኩል ነበሩ። ከዚያ በኋላ እርስዎ ሲሚንቶ አስመጡ፤ እኛ የነበረን ፍግ ብቻ ነው።

ሦስተኛውን ስጽፍ ፊቴ ይቃጠላል፤ ቢሆንም ልጻፈው። በእንሰቱ መካከል አንዲት ባዶ ቦታ አለች። ከትምህርት ቤት ስመለስ የምቀመጠው እዚያ ነው። ክፍል ውስጥ የማውቃቸውን፣ ግን እጄን ሳላወጣ ያለፉኝን ጥያቄዎች ጮክ ብዬ የምመልሰው ለእንሰቱ ነው። እንሰት ጥሩ አድማጭ ነው፤ አይስቅም፣ ድገሚው አይልም። ካፌዎ በተከፈተ ሰሞን የክፍሌ ልጅ ባርኮት ከላይ ማኪያቶ ስትጠጣ አየችኝ፤ ሰማችኝም። በማግስቱ ክፍል ውስጥ «ሳሪ፣ ትናንት ለኮባው ፎቶሲንተሲስ ስታስረጂው እጁን አወጣ ወይ?» አለችኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ለማን ምን እያስረዳሁ እንደነበር ያስተዋልኩትም ያኔ ነው፤ ትምህርቱን ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቀው ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር ብቻዬን ሆኜ እንዳላውቀው ከፍታዎ ስላገዘኝ አመሰግናለሁ። ከተቆረጠ በኋላ ግን ለሲሚንቶ ምን እንደሚወራ አላውቅም።

አራተኛው የእኔ ብቻ አይደለም፤ የሰፈሩ ሴቶች ነው። እርስዎ እንደሚያውቁት፣ ካላወቁም ባለቤትዎን ቢጠይቁ እንደሚነግሩዎት፣ እንሰት ሲፋቅ ወንድ በዚያ አያልፍም። ፋቂዋ ሳንቃውን አጋድማ፣ አንድ እግሯን አንሥታ ልጡን ትረግጣለች፤ ከዚያ በቀርከሃ ትፍቃለች፤ ልብስ መሰብሰቡ አይቀርም። የቤቱ ባል እንኳን ቢሆን ከሩቅ ሳል ሳል ብሎ ዞሮ ይሄዳል። ባለፈው የደረሱትን ጥቂቶች ስንፍቅ ግን የካፌዎ እንግዶች በረንዳውን ተደግፈው ቆሙ። አንደኛው ደግሞ «ማዘር፣ ወደዚህ ዞር በሉ፣ ፎቶው ጠቆረብኝ» ብሎ ጮኸ። ሴቶቹ ጃንጥላ ዘረጉ። ጎረቤታችን እትዬ ሀዲጃ ዘግይተው ሲገቡ «በዚህ ፀሐይ ምን ዘንቦ ነው?» ብለው ጠየቁ። እናቴ ቀና ሳትል «ዓይን» አለቻቸው። በአንድ እጅ ጃንጥላ ይዞ በአንድ እጅ መፋቅ እንደማይሆን ያን ቀን ተምረናል፤ እትዬ ሀዲጃ ከተፋቀው ውስጥ የጃንጥላ ሽቦ አውጥተዋል።

ክቡር ሆይ፣ እኛ ልማት አንቃወምም። ሕንፃው ይደግ፤ ሮቶም ይጨመርበት። የምንለምነው ለጋው እንሰት እስኪደርስ ድረስ እንዲቆም ብቻ ነው። የደረሱትን ግን ትእዛዝዎን በማክበር ለመፋቅ ወስነናል። ሴቶቹ ተመካክረው የመረጡት ቀን ቅዳሜ ጠዋት ሆነ፤ ከእንግዶችዎ መምጫ ጋር መግጠሙ የእግዚአብሔር ሥራ ነው።

አንድ ነገር አስቀድሞ ማሳወቅ ግን ይገባል። ሲፋቅ ቆሞ ያየ ወንድ፣ በሰፈራችን ሴቶች ደንብ፣ ዓይኑ ሥራ እንደጀመረ ይቆጠራል፤ እጁም እንዲከተል ይጠራል። የተፋቀውን ይሸከማል፤ ቆጮ እስኪሆን ተቀብሮ የሚብላላበትን ጉድጓድ ይቆፍራል። እምቢ ያለ የለም፤ እትዬ ሀዲጃን እምቢ ለማለት ሰባት ፎቅ አይበቃም። ቅዳሜ ወደ በረንዳው ቀና ብላ የምትጣራውን ሲመርጡ ዕጣው በእኔ ላይ ወደቀ። ሌሊቱን አልተኛሁም። ድምፄ አይደርስም ብዬ ለማምለጥ ሞክሬ ነበር፤ ነገር ግን ከእንሰቱ መካከል የተነገረ ነገር ሰባተኛ ፎቅ ላይ ቃል በቃል እንደሚሰማ ባርኮት በክፍሉ ሁሉ ፊት ስላረጋገጠች ምክንያት አጣሁ። እጣራለሁ፤ ከእርስዎም ስም እጀምራለሁ።

ከፍታዎን ከሥር አንጋጣ በማየት አንገቷ የደነደነ፣ ለትእዛዝዎ ጆሮዋን፣ ለእንሰቷ ግን ልቧን የሰጠች፣ ዝቅ ካለው ግቢ ዝቅ ብላ እጅ የምትነሣ ታናሽዎ
ሳሮን ታሪኩ

ግልባጭ፦
ለአቶ ገመቹ፣ እንዲያውቁት
ለእትዬ ሀዲጃ፣ እንዲዘጋጁ
ለእንሰቱ፣ እንዲጸና

ማስታወሻ፦ እንግዶችዎ ለቅዳሜ ነጭ ሸሚዝ ባይለብሱ መልካም ነው፤ እርስዎም አሮጌ ጫማ ያድርጉ። ጉድጓዱ ጥልቅ መሆን ስላለበት ቁፋሮው ይቆያል፤ ነገር ግን ልፋትዎ በከንቱ አይቀርም። ወደ ታች የቆፈሩትን ያህል በሕንፃዎ ቁመት ላይ ቢደምሩት፣ ከእኛ በኩል ተቃውሞ የለም።