በሳሙና ለታጠበልኝ ፍሬዛ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የገቢ ዕቃዎች ፍተሻ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ እንደ ድስት ታጥቦ ስለዛገው፣ በመዛጉም ስለተፈረደበት ማሽኔ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎና ለመላው የጽሕፈት ቤትዎ ሠራተኞች ጤናን፣ ረጅም ዕድሜንና የማያልቅ ሳሙናን እመኛለሁ።

እኔ በሥራዬ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደግሞ ቀድሞ የልብስ ማጠቢያ በነበረችው ጠባብ ክፍላችን ውስጥ ከብረት መያዣ ሞርሳዬና ከሞረዶቼ ጋር ብረት ስነካካ አመሻለሁ። ታናሽ እህቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ ቀኝ እግሯ ከጉልበቷ በላይ ጀምሮ ሰው ሠራሽ ነው። የዚህ እግር ማጠፊያ ተበልቶ አልቋል፤ የሠራው ድርጅት ደግሞ ከተዘጋ ቆይቷል። የቶርኖ ቤቶቹን ሁሉ ዞርሁ። የከባድ መኪና ዕቃ የለመዱ ስለሆኑ ለአንዲት ጣት ለምታህል ብረት ማሽን እንደማያስነሱ ነገሩኝ። ራሴ በሞረድ ሞርጄ የሠራሁት ማጠፊያም መንገድ ስትሻገር ከዳትና እህቴን አስፋልት ላይ ዘረጋት። ያን ቀን ነው ፍሬዛ፣ ማለትም ብረትን እየላገ በልኩ የሚያወጣ ማሽን፣ ልገዛ የቆረጥሁት።

ነጋዴዎች የሚያስመጡት ፍሬዛ ቤት የሚያህል፣ ቤትም የሚያሸጥ ነው። ብዙ ካሰስሁ በኋላ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፣ የመምህር ኪስ የሚደፍረው ትንሽ ፍሬዛ ከውጭ አገር አገኘሁ። የጎደለውን እህቴ የልብስ ጠርዝ የምትዘመዝምበትን ኦቨርሎክ ማሽኗን ሸጣ ሞላችልኝ፤ «እኔ ከቆምኩ ሌላ እገዛለሁ» ብላ። ማሽኑም በሰላም ባሕር ተሻግሮ ከክቡርነትዎ ግቢ ደረሰ። ከዚህ በኋላ ለተደረገልኝ ውለታ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. እንዲህ ያለ ማሽን ከፋብሪካ ሲወጣ እንዳይዝግ ከላይ እስከ ታች ወፍራም ግራሶ ይቀባል። የክቡርነትዎ የመጀመሪያው ፈታሽ ሣጥኑን ከፍተው ይህን ሲያዩ ተጸየፉ። በእርሳቸው እምነት የሚመዘገብ ዕቃ ሁሉ ለፎቶግራፍ ንጹሕ ሆኖ መቅረብ አለበት። ስለዚህ የጽዳት ሠራተኞችን አስጠርተው በፈላ ውሃና በሳሙና አሳጠቡልኝ። ከሽቦ አጥሩ ውጭ ቆሜ እያየሁ «ኧረ ውሃ አይነካም!» ብዬ ብጮህ፣ ፈታሹ «አይዞህ መምህር፣ እኛ ቆሻሻ ዕቃ አናስረክብም» ብለው አጽናኑኝ። ለዚህ የእናት አንጀት ምን ብዬ ላመስግን? ልጅ ሆኜ እንኳ እንዲህ ተፈትጌ አልታጠብሁም።

2ኛ. የታጠበ ነገር መድረቅ ስላለበት ማሽኑ ደጅ እንዲሰጣ ተደረገ። የተመረጠለት ቦታ የመጋዘኑ ጣሪያ ውሃ የሚወርድበት አሸንዳ ሥር ነው። መጋዘኑ ውስጥ ለምን እንዳልገባ ብጠይቅ፣ እርጥብ ዕቃ ማስገባት ክልክል መሆኑን ተረዳሁ። ሲዘንብ ይረጥባል፤ ስለረጠበ አይገባም፤ ስላልገባ ዝናብ ይመታዋል። እኔ ለተማሪዎቼ የውሃን ዑደት ሳስተምር ኖሬ እንዲህ ያለ ፍጹም ዑደት አይቼ አላውቅም።

3ኛ. ሁለተኛው ፈታሽ መጥተው ማሽኑን ሲያዩ ዝገት አገኙበት። የዛገ ዕቃ ያገለገለ ነው፤ ያገለገለ ማሽን ማስገባት ደግሞ አይፈቀድም። ሲመጣ እንደ መስታወት ያበራ እንደነበር የራሳቸው መሥሪያ ቤት ያነሳውን ፎቶ አሳየኋቸው። ፎቶውን ጥሩ አድርገው ካዩ በኋላ «ይሄማ ያማረው ስለታጠበ ነው» አሉኝ።

4ኛ. ማሽኑ ለእህቴ እግር ማጠፊያ መሥሪያ መሆኑን በማመልከቻ ገልጬ ይግባኝ አልሁ። የይግባኝ ሰሚው ባለሙያ የእግሩ ባለቤት በአካል ካልቀረበች ጉዳዩን እንደማያዩ ገለጹልኝ። ቢሯቸው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍቱ ለኃላፊዎች ብቻ ነው። እህቴ የደረጃውን መደገፊያ በሁለት እጇ ይዛ ሁለተኛው ፎቅ ድረስ እንደ ምንም ወጣች። እዚያ ያው በሞረድ የሠራሁት ማጠፊያ ከዳትና ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ባለሙያው አንድ ፎቅ ወርደው እንዲያዩዋት ለመንሁ፤ «በአካል መቅረብ ማለት ጠረጴዛዬ ፊት መቅረብ ነው» አሉ። እህቴን በጀርባዬ አዝዬ አወጣኋት። ሰው ሁሉ ቆሞ ያያል፤ እርሷ ፊቷን ትከሻዬ ውስጥ ቀብራለች። ባለሙያውም እግሯን በብዕራቸው ጫፍ ነካ ነካ አድርገው «አዲስ ነው ያገለገለ?» ሲሉ ጠየቋት።

ለዚህኛው ምስጋና አላገኘሁለትም፣ ክቡር ሆይ። እስካሁን የጻፍሁትን እየሳቅሁ ጽፌ ሊሆን ይችላል፤ እዚህ ላይ ስደርስ ግን ሳቄ ያልቃል። ያቺ ብዕር ናት የምታንገሸግሸኝ። በዚያው ብዕር «ይግባኙ ተቀባይነት የለውም፤ ማሽኑ በቁርጥራጭ ብረትነት በሚዛን ይሸጥ» ብለው ጻፉ፤ ፊርማቸውም በጣም ቆንጆ ነው።

5ኛ. ወጪ በር ላይ የአስተያየት መስጫ ሣጥን ስላስቀመጡልን እናመሰግናለን። ቁልፉ ጠፍቶ እንደማይከፈት ጥበቃው ነግረውኛል።

አሁን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ይቅርታ አልጠየቅሁም፤ የሚቀጣ ሰውም እንዲፈለግልኝ አልፈልግም። ማሽኑን ከነዝገቱ ይስጡኝ። ዝገቱ ገና ከላይ ከላዩ ስለሆነ በነጭ ጋዝና በትዕግሥት ሊለቅ ይችላል። ክረምቱ ከገፋበት ግን የሚላገው ብረት የሚታሰርበት የማሽኑ ጠረጴዛ የሚንሸራተትበት ፊት ይበላል፤ ያ ከተበላ ማሽኑ ልክ አይቆርጥም፤ ልክ ያልተቆረጠ ማጠፊያ ደግሞ ሰው እንደሚጥል እህቴ ሁለት ጊዜ አስመስክራለች። እርሷ አሁን ከቤት አትወጣም። ደንበኞቿ ልብሳቸውን ይዘው የሚመጡት እየተመናመኑ ነው። ክቡርነትዎ አንድ ፊርማ ቢያኖሩ፣ ማሽኑን ራሴ ተሸክሜ እወጣለሁ፤ መሸከም በመሥሪያ ቤትዎ ደረጃ ላይ ተለማምጃለሁ።

በሳሙናዎ የጸዳሁ፣ በአሸንዳዎ የራስሁ፣ በትሕትና እጅ የምነሣ
ትሑት አገልጋይዎ፣
የጂኦግራፊው መምህር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ልዘጋ ስል ጸሐፊዎ ስልክ ደወሉልኝ። ከማመልከቻዬ ላይ ማጠፊያ እንደምሠራ አንብበው ኖሮ፣ የክቡርነትዎ የቢሮ ወንበር መደገፊያ ማጠፊያው ተበልቶ ወደ ኋላ ስለሚጥልዎ፣ እንዲህ ያለችውን ትንሽ ብረት የሚሠራም ሰው ስለጠፋ፣ እንድተባበር ጠየቁኝ። በደስታ እሠራለሁ፤ ማሽኑ ግን እርስዎ ዘንድ ነው። እስከዚያ ክቡርነትዎ እንዴት ይሁኑ ብዬ እህቴን ባማክራት፣ ከመርፌዋ ቀና ሳትል «ይቁሙ፤ እሳቸው እግር አላቸው» ብላለች።