ጢሚትን ያበላኋት እኔ ነኝ

ለተከበርሽው ታላቅ እህቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ አንድ ኃጢአት እናዘዛለሁ። ለአያታችን የላክሽው ሹራብ እሳቸው ጋ ከመድረሱ በፊት ሦስት ቀን እኔ ላይ ውሏል። ክርኑ ላይ ያለውን ቀዳዳ ብል በላው ተብሏል። ብሏ እኔ ነኝ።

አሁን ወደ ሰላምታው ልመለስ። እታለም፣ እንደምን ከርመሻል? ሳሉ ለቀቀሽ? ቆመሽ ስትውዪ የሚያብጠው እግርሽስ? አብራሽ የምትኖረው ልጅ ማንኮራፋቷን ተወች? እኛ ደህና ነን። እናታችን ደህና ናት። አባዬ ከወገቡ በቀር ደህና ነው። የአያታችን ጆሮም እንደ ድሮው ነው፤ ስትጠሪያቸው አይሰሙም፣ ስታሚያቸው ከጓሮ ይሰማሉ። እኔም ደህና ነኝ ልልሽ ነበር።

ስትሄጂ "ጢሚትን አደራ" ብለሽኝ ነበር። በየደብዳቤው ወፈረች፣ ግልገል ወለደች፣ ከእጄ ዓሣ ትቀበላለች እያልኩ ስጎርርብሽ ከረምኩ። ያቺ ጢማም፣ የድመት ፊት ያላት የወንዝ አውሬያችን ዛሬ ዓሣ ስወረውርላት አፍንጫዋ ሥር ያለውን ትስታለች። ጭንቅላቷ ይንቀጠቀጣል፤ ስትዋኝ አንድ ቦታ ትዞራለች። ግልገሏን ከሁለት ሳምንት በፊት ቄጠማው ውስጥ ሞቶ አገኘነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከስድስት ሳምንት በፊት አንዲት የውሃ ምርመራ ባለሙያ መጥታ፣ ከድልድዩ በታች የተያዘ ዓሣ እንዳይሸጥ አለች። ከላይ ያለው ፋብሪካ የሚደፋው መርዝ ሥጋው ውስጥ ገብቷል። በዓሣ ሱቃችን በረዶ ክፍል የነበረው አሥር ሳጥን ዓሣም ከኖራ ጋር እንዲቀበር አዘዘች። አባዬ በዚያ ወገቡ ጉድጓዱን ቆፈረና "ዓሣውን ክተቺና ኖራ በትነሽ አፈሩን መልሺ" ብሎኝ ሊጋደም ገባ።

እኔ ደግሞ ብልጥ ነኝ አይደል? ዓሣው አይሸትም፣ ዓይኑ ያበራል። ለሰው ባይሆን ለአውሬ ምን ይሆናል አልኩ። ሳጥኖቹን አሮጌው ማቀዝቀዣ ውስጥ ደበቅኩ፤ ባዶውን ጉድጓድ በአፈር ሞልቼ ላዩን ኖራ ነሰነስኩበት። አባዬ አይቶ "ጎበዝ" አለኝ። ከዚያ በየጠዋቱ ለጢሚት ግብዣ ሆነ።

ባለሙያዋ የግልገሉን ሬሳ ወስዳ መርምራ ተመለሰች። ትንሹ ዓሣ ትንሽ መርዝ ይይዛል፣ ትልቁ ብዙ ትንንሾችን ይበላል፣ አውሬዋ ደግሞ ትልልቆቹን፤ መርዙ ከሰውነት አይወጣም፣ እየተጠራቀመ ነርቭ ይመታል፣ በእናቱ በኩልም ለግልገሉ ይተርፋል አለችን። ግን ወንዙ ብቻውን በዚህ ፍጥነት እንዲህ አያደርግም ብላ የተቀበረውን ዓሣ ጠየቀች። አባዬ አንገቱን ደፍቶ "በደንብ አላጠለቅኩት ይሆናል፣ ውሾች አውጥተውት ይሆናል፤ ጥፋቱ የኔ ነው" አላት። አያታችን ያን ጊዜ ጆሯቸው ተከፈተ፤ "ጉድጓድ መቆፈር እንኳ ያቃተው ልጅ ወለድኩ" እያሉ እስከ ዛሬ ይወርዱበታል። እኔም እየሰማሁ ሳህን አጥባለሁ።

ሦስት ጊዜ ልነግረው ጀምሬ ነበር። አንዴ "አባዬ" ስለው ጫማ የምለምነው መስሎት "እስከ ወሩ መጨረሻ ታገሺ የኔ ልጅ" አለኝ። "የኔ ልጅ" ሲለኝ "እሺ" ብዬ ወጣሁ።

ዛሬ ባለሙያዋ ጉድጓዱን ልታስከፍት መጥታለች። አንድም ዓሣ ሲጠፋ አባዬ ለሰው ሸጦታል ነው የሚባለው። ሱቁ ይታሸጋል፤ ሰፈሩም ከእንግዲህ ከእጁ አይበላም። እኔ ወጥቼ በመናገር ፈንታ በረዶ ክፍል ገብቼ ላንቺ እጽፋለሁ፤ ላንቺ መናገር ይቀለኛልና። ጢሚት ግን ያንቺ አደራ ናትና፣ ይቅርታሽን ለመለመንም አፍራለሁ።

እናታችን ጉንጮችሽን ስማለች። አያታችን "ሹራቡ ብል በልቶታል፣ ሌላ ላኪ" ብለዋል። ለምታንኮራፋዋም ሰላም በይልኝ። የአባዬን ሰላምታ ዛሬ አልጠየቅኩትም።

ታናሽሽ ቁንጫ
ከበረዶ ክፍሉ፣ ሳጥን ላይ ተቀምጬ
ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ኅዳር 6 ቀን

የአካፋው ድምፅ ቆመ። በመስኮቱ ይታየኛል፤ አባዬ በጉልበቱ ተንበርክኮ አፈሩን በእጁ ይፈትሻል። ባለሙያዋን "ትንሽ ልጨምር፣ ከዚህም ይጠልቅ ነበር" ይላታል። አሁን እጁን አቆመ። ቀና ብሎ ወደ መስኮቱ አየ።

"ቁንጫ" አለ፤ ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም።

አቤት ብያለሁ። እየወጣሁ ነው።