በበቆሎው ጣሳ ውስጥ

ሰኞ፣ ሰኔ 3
አሥራ አራተኛዋን ዶሮ አረድኩ። ለአራስ አርባ ዶሮ ለአርባ ቀን፤ እናቴም ለኔ እንዲሁ ነው ያደረገችው። ምራቴ ዩራኒ ግን የዶሮ ሾርባውን፣ ሳንኮቾውን፣ ሁለት ማንኪያ ቀምሳ ተወችው። ከዚያ ኪኒኗን ዋጠችና ልጁን ማጥባት ጀመረች። ዓይኔ እያየ።
«ለሚጥል በሽታዬ ነው እማማ። ለልጁ ችግር የለውም ብለውኛል።»
ችግር የለውም... መርዝ እየጋቱት? አይ ልጄ ዊልማር፣ ከስንቷ መሃል ይቺን መርጦ አመጣብኝ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 5
ኪኒኗ አለቀ። አራስ እስከ አርባው ከግቢ አትወጣምና ጤና ጣቢያ የሄድኩት እኔ ነኝ፤ በቺቫ አውቶቡስ፣ ከሙዝ ጆንያ ጋር ተጋፍቼ። ነርሷ አዲሱን ኪኒን ሰጥታኝ፣
«አንድ ቀን እንኳ እንዳታቋርጥ። ወተቷ ውስጥ የሚገባው ትንሽ ነው፣ ህፃኑን አይጎዳውም። ማቋረጡ ነው አደጋው» አለች።
የትናንት ልጅ። አራት ልጅ ላሳደግኩት ለኔ።
ኪኒኑን የዶሮ በቆሎ ጣሳ ውስጥ ቀበርኩት። ለዩራኒ «አርባሽ እስኪወጣ ይቅር ብለዋል» አልኳት።
«ነርሷ ራሷ?»
«ታዲያ እኔ ሐኪም ነኝ?»
ጉንጬን ሳመችኝ። «ይህን ሁሉ መንገድ ለኔ ብለው...» ትንሽ ቅር አለኝ። ትንሽ።

ዓርብ፣ ሰኔ 7
ልጁ ነቃ ነቃ ብሏል። አላልኩም?

እሑድ፣ ሰኔ 9
እጇ ሲንቀጠቀጥ ሳህን ጣለች።
«እማማ፣ ነርሷን ደግመው ቢጠይቁልኝ?»
«ለመልፈስፈስ ሰበብ አታጪም አንቺ» አልኳት።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 11
ዩራኒ ሞተች።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 15
የልጁን ጨርቅ ልታጥብ ወደ ግቢው ወጥታ፣ በሽታው የጣላት ማጠቢያ ገንዳው ላይ ነው። ፊቷ ውሃው ውስጥ ነበር። እኔ ጓሮ የሃያ ሁለተኛዋን ዶሮ ላባ እየነጨሁ ነበር... ሰምቼ ቢሆን ኖሮ?
ዛሬ ነርሷ ለቅሶ መጣች። ዊልማር ፊት «ኪኒኗን አቋርጣ ነበር እንዴ?» አለችኝ።
«እኔ ምን አውቃለሁ? የሰጣችሁኝን ሰጠኋት።»
ዊልማር እያለቀሰ ሟቿን ሰደባት። «ስንቴ ነገርኳት! ግትር፣ ልጇን ለማን ጥላ...»
ለነርሷ ቡና ቀዳሁላት።
ልጁ ጡጦ እንቢ ብሏል። ሳቅፈው ቀሚሴን በአፉ ያስሳል። ምን ያገኛል እዚያ?
አሥራ ስምንት ዶሮ ቀርቷል። በቆሎ ስዘግንላቸው ኪኒኑ ከነማሸጊያው እጄ ላይ ወጣ። መልሼ ቀበርኩት።